ላቮን ሐይቅ ከመደበኛው ከፍታ አልፎ ሳለ ካምፕ መውጣትና ዓሣ ማጥመድ

ጀማሪው ከጋርላንድ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ቤተሰቦች ሆነን ለሜሞሪያል ዴይ፣ ማለትም በግንቦት ለሚውለው የአሜሪካ በዓል፣ ቅዳሜና እሑድ በቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለው ላቮን ሐይቅ ዳር፣ ኢስት ፎርክ ፓርክ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ያሉ የካምፕ ቦታዎችን ከያዝን ሰንብተናል። ድንኳኑ ተገዝቷል፤ ልጆቹም የማጥመጃ ዘንጋቸውን መርጠዋል፤ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴም አብረውን ለመሄድ ተዘጋጅተዋል። ይሁን እንጂ ሰሞኑን የጣለው ዝናብ የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 495 ጫማ እንዳደረሰው አነበብሁ፤ መደበኛው 492 ነው ተብሏል። ሦስት ጫማ ጭማሪ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ሐይቅ የሚያሳስብ ነገር ነው ወይስ ሳንጨነቅ መሄድ እንችላለን? ደግሞስ ውሃው ሞልቶና ደፍርሶ ሳለ ዓሣ ይያዛል? ከመካከላችን መንጠቆ ይዞ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ለእናንተ ቀላል የሚመስለውን ነገር ሁሉ ሳይቀር ብትጽፉልን እወዳለሁ።

ትሪኒቲ ዳር

ወንድሜ፣ ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት ላቮን ምን ዓይነት ሐይቅ እንደሆነ ላስቀድም፤ የካምፑም የዓሣውም ጉዳይ ከዚያ ይነሳልና። ላቮን በትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር ላይ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር በሠራው ግድብ የታቆረ ውሃ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1948 ተጀመረ፤ በ1953 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ መደበኛ ከፍታው ተጨምሮ የዛሬውን መጠን ያዘ። እስከ 492 ጫማ ድረስ ያለው ውሃ ጋርላንድ፣ ፕሌኖ፣ መስኪትና ሌሎችም ከተሞች የሚጠጡት ነው። ከ492 እስከ 503.5 ያለው አሥራ አንድ ጫማ ተኩል ግን ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ቦታ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ይቀበላል፤ ታች ያለው ወንዝ ሲጎድል ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ሐይቁ 495 ደረሰ ማለት ግድቡ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ብልሽት አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው ካምፕ በምንወጣው በእኛ ላይ ነው። ኮሩ የሚያስተዳድራቸው መናፈሻዎች ከሐይቁ ጠርዝ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙው ክፍላቸው የሚያርፈው በዚያ ባዶ በተተወው ቦታ ውስጥ ነው። ሦስት ጫማ ሲባል ሰው የሚያስበው ወደ ላይ ነው፤ በሐይቅ ዳር ግን መታሰብ ያለበት ወደ ጎን ነው። የላቮን ዳርቻ በብዙ ቦታ ረጋ ብሎ የሚወርድ ሜዳ ነው፤ መሬቱ በየሠላሳው ጫማ አንድ ጫማ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ሦስት ጫማ ጭማሪ ውሃውን ዘጠና ጫማ ወደ ሣሩ ያስገባዋል። ድንኳን የሚተከልበት ጠፍጣፋ ቦታ፣ የሽርሽር ጠረጴዛውና የጀልባ መውረጃው አስፋልት መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ይህ ነው። የያዛችሁት ቦታ ቁጥር ከውሃው ዳር ካለው ረድፍ ነው ወይስ ከኋላ ካለው? ካርታው ላይ ተመልከቱና የሐይቁን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የትኛው ረድፍ በየትኛው ከፍታ እንደሚዘጋ ሠራተኞቹ ያውቃሉ። ከተዘጋ፣ የካምፕ ቦታ በሚያዝበት ድረ ገጽ በሪክሪዬሽን ዶት ገቭ የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ውሃው ወደ 492 ተመለሰ ማለት ቦታው ተከፈተ ማለት አይደለም። ውሃ የገባበት ረድፍ የኤሌክትሪክ ሳጥኖቹ ሳይፈተሹ፣ ጭቃውና ግንዱ ሳይጠረግ አይከፈትም። በ2015 ጸደይ ዝናቡ ሲበረታ በዚህ አካባቢ ያሉት የኮር ሐይቆች ሁሉ ሞልተው ብዙ መናፈሻዎች በጋው እስኪጋመስ ተዘግተው እንደነበር በዚህ የቆየ ሰው አይረሳውም።

የሮውሌቷ እናት

ለምን እንዲህ ትቸገራላችሁ? ሬይ ሀባርድ ሐይቅ እኮ ከቤታችሁ በር ላይ ነው። እኛ ልጆቹን ይዘን ከሰዓት በኋላ ሄደን እንመለሳለን፤ የውሃ ከፍታ የሚባል ነገር አስጨንቆን አያውቅም። ላቮን ሰሞኑን ባሳየው ጠባይ፣ በተለይ ትልቅ ሰው ይዞ መሄድ ለእኔ አያስመኝም።

ሲቪል ነኝ

እህቴ፣ የሬይ ሀባርድ ውሃ ከፍ ዝቅ የማይለው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ለዚህ ውይይት ጠቃሚ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ሬይ ሀባርድ ከላቮን በታች፣ በዚያው ወንዝ ላይ ያለ የዳላስ ከተማ ግድብ ነው። የተሠራው ለውሃ አቅርቦት እንጂ ጎርፍ ለመከላከል ባለመሆኑ ለጎርፍ የተተወ ባዶ ቦታ የለውም፤ ሙሉ በሆነ ጊዜ የገባውን ያህል ወዲያው በበሮቹ ያሳልፋል። ስለዚህ ዳርቻው በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ላቮን ግን የሚያሳልፈው ታች ያለው ወንዝ መሸከም በሚችለው ልክ ብቻ ነው። ሬይ ሀባርድ ረግቶ የሚታየው ላቮን ከፍ ዝቅ ማለቱን ስለተሸከመለት ጭምር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለካምፕ ደግሞ ሬይ ሀባርድ ላይ እንደ ኮር ያለ መናፈሻ የለም፤ ለከሰዓት በኋላ ዓሣ ማጥመጃ ጥሩ ነው፣ ለማደሪያ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ጀማሪው ጥያቄ። የኮሩ የፎርት ዎርዝ ቅርንጫፍ በየቀኑ በድረ ገጹ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ያወጣል፦ የሐይቁን ከፍታ፣ የሚገባውን ውሃና የሚለቀቀውን ውሃ። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ምን እንደሚሆን የሚነግረን ግን ሦስተኛው ነው። ሐይቁ በመደበኛ ከፍታው 21,400 ኤከር ገደማ ይሸፍናል፤ ሲሞላ ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ ከ495 ወደ 492 ለመውረድ ከ65 ሺ በላይ ኤከር-ጫማ ውሃ መውጣት አለበት፤ አንድ ኤከር-ጫማ አንድ ኤከር መሬትን በአንድ ጫማ ጥልቀት የሚሸፍን ውሃ ነው። በሰከንድ 5,000 ኪዩቢክ ጫማ ቢለቀቅ፣ ያ በቀን 10 ሺ ኤከር-ጫማ ያህል ነው። ምንም አዲስ ዝናብ ሳይጥል አንድ ሳምንት ይፈጃል ማለት ነው። የሚለቀቀው ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጊዜው በዚያው ልክ ይረዝማል። ዜሮ የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ሠራተኞቹ ረስተውት አይደለም፤ ታች ያለው ወንዝ ገና አልጎደለምና ውሃው ባለበት እንዲቆይ ተወስኗል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ ቅዳሜ የምታገኙት ሐይቅ ዛሬ ያለው ነው።

ቆቃን ለምናውቅ ሰዎች ይህ አሠራር መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ቆቃ በ1960 ሥራ የጀመረው በዋናነት ለኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ኃይል የሚያመነጭ ግድብ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ መገኘትን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ለበጋው የሚበላው ያንን ነው። ለጎርፍ የተሠራ ግድብ ግን ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ይዞ መጠበቅን ይመርጣል። ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ ግድብ ላይ ማስታረቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ቆቃ በሞላ ጊዜ በታችኛው አዋሽ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቁታል። እዚህ ሁለቱን በከፍታ ለይተዋቸዋል፤ 492 ድንበሩ ነው።

ትሪኒቲ ዳር

ሲቪል ያለው ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ላቮን፣ ሉዊስቪል፣ ግሬፕቫይንና ቤንብሩክ የሚባሉት የኮር ግድቦች በ1945 በወጣው አንድ ሕግ የተፈቀዱ ናቸው። ለዚህም ትልቁ ምክንያት ትሪኒቲ ዳላስን ደጋግሞ ማጥለቅለቁ ነበር፤ በ1908 የደረሰው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቤት አልባ አድርጓል። ስለዚህ የኮር ሠራተኛ በሩን ዘግቶ ካምፕህን ቢያጠልቀው፣ ከአንተ ሽርሽር ይልቅ የሚጠብቀው የታችኛውን ከተማ መሆኑን ማወቅ ቅሬታን ያበርዳል። ቢያንስ የእኔን አብርዶታል።

ሰንበት አጥማጅ

ስለ ካምፑ በቂ ስለተባለ ስለ ዓሣው እኔ ልናገር። ለመሆኑ ውሃው ሲሞላ ዓሣ ይጠፋል ያለው ማን ነው? ጀልባ ያለው ሰው ይቸገራል፤ ምክንያቱም ዓሣው ከለመደበት ጥልቅ ቦታ ተነስቶ በሰፊው ይበተናል፣ የጀልባ መውረጃውም ይዘጋል። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው ግን ግንቦት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጫማ የጨመረ ሐይቅ በረከት ነው። ትናንት ሣር የነበረው ዛሬ ውሃ ነው፤ በሣሩ ውስጥ የነበረው ትል፣ ፌንጣና ጥንዚዛ ሁሉ ለዓሣ ምግብ ሆኗል። አምባዛው፣ ካርፑና ባሱ ተከትለውት እስከ ጉልበት ጥልቀት ድረስ ይመጣሉ። ጀማሪ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስሕተት በኃይል ወርውሮ መንጠቆውን መሃል ሐይቅ ማድረስ ነው። በእንዲህ ያለ ሰሞን ዓሣው ያለው ከወረወረበት ሳይሆን ከቆመበት አጠገብ ነው፤ ስለዚህ በቀስታ ቅረቡ፣ ልጆቹንም ውሃውን እንዳይንቦጫረቁበት ንገሯቸው።

ላቮን ውስጥ ምን አለ? ብሉ ካትና ቻነል ካት የሚባሉት አምባዛዎች፣ ክራፒ፣ ሳንድ ባስ፣ ትልቅ አፍ ያለው ባስ፣ ካርፕና ባፋሎ አሉ። ሳንድ ባስ በየካቲትና በመጋቢት ወደ ገባር ወንዞቹ ወጥቶ እንቁላሉን ጥሎ ስለሚመለስ የዳር ወቅቱ አልፏል። ክራፒም ሚያዝያ ላይ ዳር መጥቶ ነበር፤ አሁን ወደ ድልድይ ምሰሶዎችና ወደ ሰመጡ ዛፎች ይሸሻል፣ ነገር ግን ውሃው ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ጥቂቱ እዚያ ይዘገያል። የሰሞኑ ዓሣ አምባዛ ነው። ውሃው ሲሞቅ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ድረስ፣ ቻነል ካት እንቁላሉን የሚጥልበት ዋሻ ፍለጋ ድንጋይ ወደተደረደረበት ዳርቻ ይጠጋል። ድንጋይ የተነጠፈበት የመንገድ ዳር ወይም የግድብ ዳር ካገኛችሁ፣ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ መጣል ይበቃል።

ለጀማሪ የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው። ቀለል ያለ ዘንግና ከስምንት እስከ አሥር ፓውንድ የሚሸከም ክር ውሰዱ። ከክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የተሰነጠቀች ትንሽ እርሳስ በጥርስ ሳይሆን በፒንሳ ቆንጥጣችሁ እሰሩ፤ ከዚያ በላይ ተንሳፋፊውን አድርጉ። ተንሳፋፊው ማባበያው ከታች ካለው ጭቃ ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል መስተካከል አለበት። ውሃው ሁለት ጫማ ከሆነ ተንሳፋፊውን ከመንጠቆው አንድ ጫማ ተኩል ላይ አድርጉት፤ ዓሣ ካልነካው በአራት ጣት እያሳጠራችሁ ሞክሩ። ለአምባዛ የአፈር ትል በቂ ነው፤ ትሉን እንደ ስፌት ሁለት ሦስት ጊዜ መንጠቆው ላይ አዙራችሁ ጭራውን ነፃ ተውት። ለክራፒ ግን ሚኖ የሚባለውን ሕያው ትንሽ ዓሣ ከጀርባ ክንፉ ሥር፣ ከአከርካሪው በላይ ውጉት፤ ከአከርካሪው በታች ከተወጋ ወዲያው ይሞታል፣ የሞተ ሚኖ ደግሞ ክራፒ አያታልልም። ክራፒ ሲይዝ ተንሳፋፊውን ሁልጊዜ አያሰምጠውም፤ አንዳንዴ ከታች ወደ ላይ ስለሚነክስ ተንሳፋፊው በጎኑ ይተኛል። ያን ጊዜ ዘንጉን በእርጋታ ከፍ ማድረግ ነው። ከንፈሩ ስስ ስለሆነ ልጆቹ እንደ ለመዱት መንጭቀው ቢጎትቱት መንጠቆው ቀዶት ይወጣል።

ከጀልባ መውረጃው ላይ ቆሞና ለዋና በተከለለው ቦታ ውስጥ ማጥመድ በኮሩ ደንብ የተከለከለ ነው። ውሃው ሲሞላ አስፋልቱ ለመቆሚያ የሚመች መስሎ ስለሚታይ ሰው ይሳሳታል።

ጋሽ መንጠቆ

ሰንበት አጥማጅ መልካም ጽፏል፤ ሆኖም ዋናውን ነገር ዘለለው። ላቮን ውሃ በሚለቅበት ሰሞን ሰው ሐይቁን ትቶ ከግድቡ በታች ነው መሄድ ያለበት። ከበሮቹ ሥር የሚወጣው ውሃ አየር የሞላበት ነው፣ በግፊቱ ተፈጭቶና ደንዝዞ የሚወጣውን ትንንሽ ዓሣ ለመልቀም ትልልቁ ዓሣ ከታች ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ብሉ ካቶች ትልልቆቹን ያየሁት እዚያ ነው። ለጀማሪ ቤተሰብ እንኳ ድንኳን ከመትከል ይልቅ እዚያ ሄዶ መመለስ ይሻላል።

ትሪኒቲ ዳር

ጋሽ መንጠቆ፣ እርስዎ በዚህ ጉዳይ ከሁላችንም ቀደም ያሉ ስለሆኑ ስለ ዓሣው ያሉትን አልከራከርም። ለሦስት ቤተሰብ ልጆች ግን ከግድብ በታች መሄድን እንዳይመክሩልኝ እለምንዎታለሁ። ላቮን ግድብ አሥራ ሁለት በሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 40 ጫማ ስፋት አላቸው። በር የሚከፈትበት ሰዓት ለአጥማጅ ተብሎ አይመረጥም፤ ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ውሃው እስኪነሳ ያለው ጊዜ አንድ አባት አራት ልጆች ሰብስቦ፣ ዘንግና ወንበር አንሥቶ፣ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ለመውጣት አይበቃውም። ያልተፈቀዱትም ክልሎች የታጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻው፣ በተፈቀደው ቦታ፣ ከከፍታው ላይ ሆኖ የሚያጠምድ አዋቂ ሌላ ነገር ነው።

ጋሽ መንጠቆ

ልጆች መኖራቸውን ልብ አላልሁም። ስለ ልጆች ከሆነ ከአንተ ጋር ነኝ።

የሮውሌቷ እናት

ልጆች ከተነሡ ዘንድ፣ ወንዶቹ የማትጽፉትን እኔ ልጻፍ። ጎርፍ የገባበት ሣር ከላይ ሲታይ ጥልቀት የሌለው ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ትናንት የነበረው የሽርሽር ጠረጴዛ፣ የእሳት ማንደጃ ብረቱና የጉድጓዱ ጠርዝ እንዳሉ ናቸው። ልጅ እስከ ጉልበቱ የገባበት ቦታ በሚቀጥለው እርምጃ እስከ ደረቱ ሊሆን ይችላል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ የወደቀ ልጅ አይታይም። የቴክሳስ ሕግ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ26 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ሲጓዝ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ከዳር ለቆመ ልጅ ግን የሚያስገድድ የለም። እኔ ከዳርም አለብሳቸዋለሁ፤ ሲያለቃቅሱ ይቺን ሐሳብ አመጣሁላቸው፦ ጃኬቱን ያወለቀ ልጅ ዘንጉን ለሚቀጥለው ልጅ ያስረክባል።

ሁለተኛው ጉንዳን ነው። ፋየር አንት የሚባለው ቀይ ጉንዳን ጎርፍ ጎጆውን ሲያጠልቅበት አይሰምጥም፤ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ንግሥቲቱንና እጮቹን መሃል አድርጎ እንደ ቡናማ ምንጣፍ ይንሳፈፋል። ያ ምንጣፍ የነካው ነገር ሁሉ፣ የልጅ እግርም ይሁን የዘንግ እጀታ፣ ለጉንዳኑ ደረቅ መሬት ነው። ከውሃው ጠርዝ ላይ የቆሻሻ ክምር የሚመስል ቡናማ ነገር ካያችሁ ዞር በሉ። እባብም ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ስለሚፈልግ፣ ወደ ግንድና ድንጋይ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት በዱላ ነካ አድርጉት።

ሦስተኛው ጭቃው ነው። ይህ መሬት ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ ከጫማ የማይላቀቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ደብረ ዘይት አካባቢ ያደገ ሰው መረሬ ብሎ ወዲያው ይለየዋል። አስፋልት የሌለበት ሣር ላይ መኪና አታስገቡ። የጎታች መኪና ጥሪ በዚያ ቅዳሜ መልስ ቶሎ አያገኝም።

ጀማሪው ከጋርላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሐይቁን ጽሕፈት ቤት ደውዬ ነበር፤ የእኛ ረድፍ እስካሁን ክፍት እንደሆነና ውሃው ሌላ አንድ ጫማ ከጨመረ ግን እንደሚዘጋ ነገሩኝ። የሚለቀቀውን ቁጥርም አየሁት፤ በጣም ትንሽ ነው። እንግዲህ ቀሪ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ቢዘጋ የት እንሂድ? አንዳንዶቻችን ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም፤ እዚያ የሚያዘው አምባዛ ከሆነ ምን እናደርገዋለን? ፈቃዱስ ለማን ያስፈልጋል? በመጨረሻም፣ ሴቶቹ ቡና ማፍላት ይፈልጋሉ፤ ከሰል ማንደድ ይፈቀዳል?

ሰንበት አጥማጅ

ስለ አምባዛው፦ የማትበሉትን ለመመለስ ካሰባችሁ ገና ከውሃው ሳይወጣ ወስኑ። እጃችሁን አርጥቡ፣ ከጎንና ከጀርባ ክንፎቹ ላይ ያሉትን እሾሆች ከኋላ በኩል በመዳፋችሁ አግዳችሁ ያዙት፣ መንጠቆውን በፒንሳ አውጥታችሁ ልቀቁት። መንጠቆውን ከዋጠ ክሩን ከአፉ አጠገብ መቁረጥ ሆዱን ከመቆፈር ይሻላል። እምነታችሁ ቅርፊት ያለውን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ክራፒ፣ ሳንድ ባስና ባስ ሁሉም ባለ ቅርፊት ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ አጠባበስ የሚስማማው ክራፒ ነው። ሥጋው ነጭና ገር ነው፤ ቅርፊቱን ፍቃችሁ፣ ሆዱን አጽድታችሁ፣ ጎንና ጎኑን በቢላዋ በጥልቀት ሸንትራችሁ በጋለ ዘይት ብትጠብሱት በዳጣ የሚበላ ነው። ነገር ግን የያዛችሁትን ክራፒ ሁሉ ማስቀረት አይቻልም፤ ከአሥር ኢንች ያነሰው ይመለሳል፣ አንድ ሰው በቀን ከሃያ አምስት በላይ መያዝ አይችልም። የሳንድ ባስም ልኩ እንዲሁ አሥር ኢንችና ሃያ አምስት ነው። ባስ አሥራ አራት ኢንች መሙላት አለበት፣ በቀን አምስት ብቻ። የአምባዛው ደንብ በተለይ ለትልልቆቹ ከሐይቅ ሐይቅ ስለሚለያይ፣ አውትዶር አንዋል በሚባለው የስቴቱ መተግበሪያ ላይ ላቮንን ፈልጋችሁ አንብቡ። በመዝናኛ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ መሸጥ አይቻልም፤ ይህን የምለው አንዳንድ ሰው ለምግብ ቤት ሲያስማማ ስለምሰማ ነው።

ሲቪል ነኝ

ስለ ቡናው ደስ የሚል መልስ አለኝ። እሳት ለዚሁ በተሠራው ማንደጃ ወይም መጥበሻ ውስጥ ይፈቀዳል፤ መሬት ላይ ማንደድ ነው የሚከለከለው። ስለዚህ የከሰል ምድጃችሁን ከብረቱ ማንደጃ ላይ ብታስቀምጡት ደንቡም ቡናውም አይጣሉም። ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ መሬት ላይ የወደቀ ደረቅ እንጨት ግን እዚያው ለማንደድ መልቀም ይቻላል። ከማታው አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቡና ከዚያ በፊት ይጠጣ፣ ሙዚቃውም ይቀነስ።

በዕድሜ ለገፉትም አንድ ጠቃሚ ነገር ልጠቁም። ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የፌዴራል መናፈሻዎችን የአዛውንት ካርድ ካወጣ በኮር ካምፖች የሚከፍለው ግማሽ ነው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን አይመለከትም፤ የሌሎቹ ቤተሰቦች አባቶች ግን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ትሪኒቲ ዳር

«ቢዘጋ የት እንሂድ» ላልኸው፣ ላቮን ከተዘጋ ሉዊስቪልና ሬይ ሮበርትስም የመዘጋት ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ሁሉም የኮር ግድቦች ናቸው፣ የዘነበባቸውም ያው ዝናብ ነው። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየደወለ ጊዜውን የሚያጠፋው ይህን ባለማሰቡ ነው። መፈለግ ያለበት የጎርፍ ቦታ የሌለው ሐይቅ ነው። ለእናንተ የሚቀርበው ታዋኮኒ ይመስለኛል፤ ግድቡ ያለው በሳቢን ወንዝ ላይ ነው፣ የሞላው ውሃ በራሱ ጊዜ በማሳለፊያው ላይ ፈስሶ ስለሚሄድ እንደ ላቮን ለሳምንታት ከፍ ብሎ አይቆይም። እዚያ የስቴት መናፈሻ አለ፤ አምባዛውም በቴክሳስ የታወቀ ነው። ለበዓሉ ቦታ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ግን በየማለዳው የተሰረዘ ካለ ተመልከቱ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ አሥራ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የቴክሳስ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በታች ያሉት ልጆች አያስፈልጋቸውም። በቴክሳስ ስድስት ወር በተከታታይ የኖረ ሰው በነዋሪ ዋጋ ይገዛል። አማትህ እንግዳ ስለሆኑ በነዋሪ ዋጋ አያገኙም፤ ነገር ግን ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሸጥ የአንድ ቀን ፈቃድ አለና ላቮን ከሄዳችሁ ያን ግዙላቸው። ታዋኮኒ ስቴት መናፈሻ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ በስቴት መናፈሻ ውስጥ ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ስለማያስፈልግ ለማንም መግዛት የለባችሁም። የርዝመትና የቁጥር ገደቡ ግን እዚያም ያው ነው።

ጀማሪው ከጋርላንድ

ግልጽ ሆነልኝ። እስከ ኀሙስ ድረስ ከፍታውንና የሚለቀቀውን ውሃ እያየን እንቆያለን፤ 496 ከነካ ወደ ታዋኮኒ እንዞራለን። ሁለቱም ካልተሳኩ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚፈቀድበት ቀን አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ሰንበት አጥማጅ

እውነት ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ በመላው ቴክሳስ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይችላል። ላቮን ያን ጊዜ ወርዶ ከሆነ የአምባዛው እንቁላል መጣያ ወቅት ገና አላለቀም። የአፈር ትሉን ግን ዓርብ ማታ ግዙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር ያሉት ሱቆች ቶሎ ይጨርሳሉ።